የኮፒ ቤቱ ላፕቶፕ፦ እየሞተ የሚነሳው ስፑለር

ግንቦት 18 ቀን 2017 ሰኞ ነበር። ሰኞ ደሴ ላይ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ከገራዶ፣ ከኩታበር፣ ከየገጠሩ የመጣው ሁሉ ገበያውንም ጉዳዩንም በአንድ ቀን ጨርሶ ሊመለስ ይሮጣል። ማመልከቻ የሚያስጽፍ አለ፣ የመታወቂያ ኮፒ የሚፈልግ አለ፣ ውል የሚያሳትም አለ። በዚያ ላይ ግንቦት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ኮፒ ቤት ለኮፒ ቤት የሚዞሩበት ወቅት።

ፒያሳ አካባቢ ኮፒ ቤት ያላት እቴቴ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። እህቴ አይደለችም፤ ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ ስለሚላት እኔም እንደዚያው ነው የምጠራት።

"ወንድምዓለም፣ ያ ነገር ደግሞ መጣ" አለችኝ።

"የቱ ነገር?"

"ፕሪንተሩ ይጠፋል ያልኩህ ነዋ! ልጁ 40 ገጽ ታትሞለት ሌላው ቀርቶበት እዚህ ቆሟል። ኧረ እኔ በዚህ ላፕቶፕ አለቅኩ።"

"አብሽሪ፣ እየመጣሁ ነው" አልኳት።

ስደርስ ፕሪንተሩ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ወረቀት አለው፣ ገመዱ ተሰክቷል፣ ምንም አላማረረም። ላፕቶፑ ላይ ዎርድ ከፍቼ ማተሚያውን ስጫን ግን ብዙ አሰበና ባዶ ዝርዝር አመጣልኝ። አንድም ፕሪንተር የለም። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አየሁ፤ ምክንያቱም ከዝርዝሩ የጠፋው የእሷ ፕሪንተር ብቻ አይደለም። ፋይልን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው የዊንዶውስ ፕሪንተርም አብሮ የለም። እሱ ደግሞ ገመድም መብራትም የሌለው፣ ሶፍትዌር ብቻ የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ ችግሩ ከገመዱና ከማሽኑ ወዲህ፣ ላፕቶፑ ውስጥ ነው ማለት ነው። በኋላ እንደነገረችኝ ሁለት ገመድ ገዝታ ቀይራ ነበር።

የሰርቪሶችን ዝርዝር ከፈትኩ። ፕሪንት ስፑለር የሚለው ቆሟል።

ስፑለር ማለት ከጀርባ ሆኖ የህትመት ወረፋ የሚያስይዝ ፕሮግራም ነው። ዎርድ ፋይሉን ለፕሪንተር በቀጥታ አይሰጥም። ለስፑለር ይሰጠዋል፣ ስፑለር ሲስተም 32 ውስጥ ፕሪንተርስ በሚባል ፎልደር ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ በተራው ለማሽኑ ያቀብላል። እሱ ከቆመ ዊንዶውስ የትኛውንም ፕሪንተር አያውቅም። በእጄ አስነሳሁት፣ ፕሪንተሮቹ ተመለሱ፣ የልጁን ቀሪ ገጽ አትመን ሸኘነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ሞተ።

የኋላ ታሪኩን ያን ዕለት በቁራጭ በቁራጭ ነው የነገረችኝ፣ በደንበኛና በደንበኛ መሀል። ችግሩ ከጀመረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ላፕቶፑ ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል። ሁለቱንም ጊዜ አራት አምስት ቀን ደህና ሠርቶ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው ፎርማት ላይ ደግሞ ለዓመታት ያጠራቀመችው የማመልከቻ፣ የውልና የውክልና ናሙና በሙሉ ጠፋባት። እውነቱን ለመናገር ከስፑለሩ ይልቅ ይሄ ነው ያንገበገበኝ። አንድ ሰው በየማታው እየጻፈ የሰበሰበውን ሥራ፣ ኮፒ እንኳን ሳይያዝለት፣ ምክንያቱ ላልታወቀ ችግር ብሎ ማጥፋት በጣም ከባድ ነገር ነው።

ግን ፎርማቱ አንድ ጠቃሚ ነገርም ነግሮኛል። ሁሉም ነገር ተጠርጎ እንደ አዲስ ተጭኖ ችግሩ ከተመለሰ፣ ወይ ዕቃው ራሱ ተበላሽቷል፣ ወይ ከፎርማቱ በኋላ በእጃችን መልሰን የምናስገባው ነገር አለ። ይቺን ሐሳብ በአእምሮዬ ይዤ ቆየሁ።

ያን ቀን ሱቁ ሰው ሞልቶ ስለነበር ዋናውን ሥራ መሥራት አልተቻለም። ለጊዜው እንዲያስታምማት ሦስት መስመር ያላት ትንሽ ባች ፋይል ጻፍኩላት። ስፑለሩን ታቆማለች፣ ፕሪንተርስ ፎልደር ውስጥ የተጠራቀመውን ታጸዳለች፣ መልሳ ታስነሳለች። ዴስክቶፑ ላይ "ስፑለር አጽዳ" ብዬ አስቀመጥኳት። እንደ አድሚን መከፈት አለባት፣ አለዚያ አትሠራም። ይሄ መፍትሔ እንዳልሆነ ነግሬያታለሁ። እሷም ገብቷታል።

አንድ ነገር ግን ለመንኳት። "እቴቴ፣ በሞተ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፊልኝ። ሰዓቱን፣ ምን እያተማችሁ እንደነበር፣ የማን ፍላሽ እንደተሰካ።"

"ይሄ ምን ያደርግልሃል?"

"ኮምፒውተሩም የራሱ ደብተር አለው። ሁለቱን ጎን ለጎን ላያቸው ፈልጌ ነው።"

የዱቤ ደብተሯን የመጨረሻ ገጽ ከፍታ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረችበት። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ እሷና አብሯት የሚሠራው ልጅ ዘጠኝ ጊዜ ጽፈዋል።

እሁድ ግንቦት 24 ሱቁ ዝግ ሆኖ ከውስጥ ቆልፈን ተቀመጥን። ቡና አፈላች። እኔ የኮምፒውተሩን ደብተር፣ ኢቨንት ቪውወር የሚባለውን፣ ከፈትኩ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚገጥመው ነገር አለ። ደብተሩ ላይ "ግንቦት 21፣ 3:25" ተብሎ ተጽፏል። ላፕቶፑ ደግሞ ያንኑ ነገር ሜይ 29፣ 9:25 ብሎ ነው የያዘው። ስድስት ሰዓት እየደመርኩ፣ ቀኑን እየቀየርኩ አንድ በአንድ አዛመድኳቸው። ዘጠኙም ተገኙ። ግን የላፕቶፑ መዝገብ ላይ 14 ነበሩ። አምስቱ የት ሄዱ?

መልሱ የሰርቪሱ ሪከቨሪ የሚለው ገጽ ላይ ነበር። በእሷ ላፕቶፕ ላይ ስፑለሩ መጀመሪያ ሲሞት ዊንዶውስ ራሱ ያስነሳዋል፣ ሁለተኛ ሲሞትም ያስነሳዋል፣ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አያደርግም፣ ይተወዋል። ስለዚህ አምስቱን ጊዜ ማንም ሳያይ ሞቶ ተነስቷል። እቴቴ "አንዳንዴ ራሱ ይመለሳል፣ አንዳንዴ እስከ ማታ ይሞታል፣ ጠባዩ አይታወቅም" የምትለው ነገር ጠባይ አልነበረም። ቆጠራ ነበር። ኢቨንት ቪውወር ሲስተም የሚለው ክፍል ውስጥ 7031 የሚለው መዝገብ ላይ ቁጥሩን ራሱ ይጽፈዋል፤ ይሄ ሰርቪስ ሳይታሰብ ሲቆም ይሄ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ፣ ዊንዶውስም ቀጥሎ ምን ሊያደርግ እንደሆነ።

አንዳንድ ሰው ሦስተኛውንም "አስነሳው" ብሎ ማስተካከልን ይመክራል። ለአንድ ቀን ሥራ ማሳለፊያ ይሆናል፣ አልቃወምም። ግን በየሰዓቱ የሚሞት ነገር በየሰዓቱ ሲነሳ ሕመሙ ይደበቃል እንጂ አይድንም፣ በመሀል የሚቆረጠው የደንበኛ ገጽም እንደተቆረጠ ይቀራል።

ወደ ምክንያቱ ከመሄዴ በፊት ሰው ሁሉ ያነሳቸውን ጥርጣሬዎች አንድ በአንድ ማየት ነበረብኝ። ንቄ ማለፍ አልፈለግሁም፤ ሁሉም የራሳቸው መሠረት አላቸው።

መጀመሪያ ቫይረስ። ኮፒ ቤት ማለት በቀን ብዙ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ነው፣ ሾርትከት ቫይረስ ደግሞ እዚህ አገር አልጠፋም። በዚያ ላይ ስፑለር በከፍተኛው የሲስተም ሥልጣን ነው የሚሠራው። በፈረንጆቹ 2021 ፕሪንት ናይትሜር የተባለው ቀዳዳ በተገኘ ጊዜ ማይክሮሶፍት መደበኛውን የዝመና ቀን ሳይጠብቅ ማስተካከያ ያወጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ስፑለሩ ትክክለኛው መሆኑን አየሁ፤ ያለው ሲስተም 32 ውስጥ ነው፣ የማይክሮሶፍት ፊርማም አለው። ከዚያ የዊንዶውስ ዲፌንደርን ኦፍላይን ፍተሻ አስጀመርኩ። እሱ ላፕቶፑን አጥፍቶ አስነስቶ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ ነው የሚፈትሸው፣ ሩብ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ምንም አላገኘም።

ሁለተኛ መብራት። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ነው የሚጠፋው። እንዲህ ሲሆን ፋይል ሊበላሽ ይችላል። በድንገት የጠፋበትን ጊዜ ሁሉ መዝገቡ በቁጥር 41 ይይዘዋል። በሳምንቱ ሦስት ጊዜ አለ። ከ14ቱ ሞት ጋር ግን አንዱም በሰዓት አይገናኝም። ለማንኛውም ብዬ የሲስተም ፋይሎቹን ኤስኤፍሲ በሚባለው ትእዛዝ አስፈተሽኩ፣ የተበላሸ የለም አለኝ። (ባትሪው ግን መቀየር አለበት። ይሄን ሁልጊዜ እነግራታለሁ።)

ሦስተኛው የግዕዝ ፎንት ነው። ይሄን ያመጣው አብሯት የሚሠራው ልጅ ነው፤ "የአማርኛ ፋይል ስናትም ነው የሚሞተው" አለኝ። ደብተሩም እውነቱን ይመስላል፣ ከዘጠኙ ሰባቱ የአማርኛ ጽሑፍ ነው። ግን በዚህ ሱቅ ከሚታተመው አብዛኛው አማርኛ ነው! ዝናብ ሲዘንብ ሁልጊዜ ጃንጥላ አየሁ ብሎ ዝናቡን ያመጣው ጃንጥላ ነው እንደማለት ነው። ያንኑ የአማርኛ ፋይል ወደ ፒዲኤፍ አሥር ጊዜ አተምኩት፣ ስፑለሩ ምንም አልሆነም። ፎንቱ ነፃ ወጣ። ልጁ ግን ማስተዋሉ ጥሩ ነው፣ ይሄንንም ነገርኩት።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። አሁን ዋናው መዝገብ።

አንድ ፕሮግራም ሲወድቅ ዊንዶውስ አፕሊኬሽን በሚለው ክፍል ውስጥ በቁጥር 1000 ይመዘግበዋል። እዚያ ላይ ሦስት ነገር ነው የምታዩት፤ የወደቀው ፕሮግራም፣ ሲወድቅ እየሠራ የነበረው ሞጁል፣ የስህተቱ ኮድ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ "ስፑለሩ ተበላሽቷል" ይላል። ሁለተኛው ነው ቁልፉ። ስፑለር ብቻውን የሚሠራ ፕሮግራም አይደለም። ፕሪንተር በጫናችሁ ቁጥር የፕሪንተሩ አምራች የጻፋቸው ዲኤልኤል የሚባሉ ፋይሎች እስፑለሩ ውስጥ ገብተው አብረውት ይኖራሉ። ከእነሱ አንዱ የማይገባውን የሜሞሪ ቦታ ከነካ የሚወድቀው እሱ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ በሙሉ ነው፣ ደህናው ፕሪንተርም አብሮ ይጠፋል። ያ የፒዲኤፍ ፕሪንተር ያለ ጥፋቱ የጠፋው ለዚህ ነው።

ከ14ቱ አሥሩ ላይ የተጻፈው ሞጁል ኤንቲ ዲኤልኤል ነው፣ የስህተት ኮዱም በ374 የሚያልቀው። ኤንቲ ዲኤልኤል የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙዎች "እንግዲህ ዊንዶውሱ ነው" ብለው ወደ ፎርማት ይሄዳሉ። ግን በ374 የሚያልቀው ኮድ ሂፕ የሚባለው የሜሞሪ ክፍል ተበላሽቶ ተገኘ ማለት ነው። ተገኘ እንጂ አሁን ተበላሸ አይልም። ቀደም ብሎ ሌላ ሰው አበላሽቶት ሄዶ፣ ዊንዶውስ በኋላ ሲደርስ ነው ያየው። ክረምት ላይ ቤታችሁ ሲያፈስ ጠብታው የሚወርድበት ቦታና ቆርቆሮው የተቀደደበት ቦታ አንድ አይደለም፤ ውሃው በማገሩ ተጉዞ ነው ሌላ ቦታ የሚወርደው። ኤንቲ ዲኤልኤል ጠብታው የወረደበት ቦታ ነበር።

ቀዳዳውን ያሳዩኝ የቀሩት አራቱ ናቸው። ኮዳቸው በ0005 ያልቃል፣ ማለትም ያልተፈቀደ ሜሞሪ ሲነካ እጅ ከፍንጅ የተያዘ። ሞጁሉ ደግሞ የዊንዶውስ ፋይል አይደለም። ፋይሉን ፈልጌ ፕሮፐርቲሱን ከፈትኩ፣ መግለጫው ላይ ላንጉጅ ሞኒተር ይላል። ይሄ ላፕቶፑና ፕሪንተሩ ሁለቱም ወገን እንዲነጋገሩ የሚያደርግ ክፍል ነው፤ "ቀለምሽ ስንት ቀረ? ወረቀት ተጣብቋል ወይ?" እያለ ይጠይቃል፣ መልሱንም ያነባል።

"እቴቴ፣ ይሄ የየትኛው ፕሪንተር ነው?" ብዬ የሞዴሉን ቁጥር አነበብኩላት።

ፀጥ አለች። "እሱማ የድሮዋ ባለ ቀለሟ ናት። ከተበላሸች ቆየች እኮ፤ ጠረጴዛው ሥር ናት።"

የፕሪንተሮቹን ዝርዝር አብረን አየን። ባለ ቀለሟ አለች። አዲሱ ጥቁርና ነጭ ሌዘርም አለ። የአንድ አምራች ስለሆኑ ስማቸው በአንድ ፊደል ነው የሚጀምረው፤ ዎርድ ውስጥ ሲታዩ የሚለያዩት መጨረሻ ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ነው።

"ከሌለች ማን ጫናት?"

መልሱ ከኪቦርዱ አጠገብ ካለው መሳቢያ ወጣ። አንድ ፍላሽ። ውስጡ ድራይቨር (ላፕቶፑን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) የሚል ፎልደር፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ የተጠቀሙበት ሁሉ። ፎርማት ያደረገላት ባለሙያ ሁለቱንም ጊዜ ፍላሹን ተቀብሎ ያለውን በሙሉ ጫነላት። እሱ አላጠፋም፣ እንዲያውም ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ባለ ቀለሟ እንደሞተች የነገረው የለም። ከፎርማቱ በኋላ በእጃችን የምንመልሰው ነገር ያልኩት ይሄው ነበር።

ግን እዚህ ላይ ማቆም አልፈለግሁም። ዝም ብላ የተቀመጠች፣ ማሽኗ እንኳን ያልተሰካ ፕሪንተር ለምን ስፑለሩን ትገድላለች? የወረፋዋን ፖርት አየሁ። ዩኤስቢ 001 ይላል። የሌዘሩንም አየሁ። ዩኤስቢ 001። ሁለቱ ወረፋዎች በአንድ በር ነው የሚወጡት፣ በሩ ላይ ያለው ማሽን ግን አንድ ነው።

ይሄን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰኞ ዕለት ልጁ ለሙከራ ጀርባውን የምንጠቀምበት የተበላሸ ወረቀት ሲያቀብለኝ ሁለት ሦስቱ ላይ ትርጉም የሌለው የምልክት ድርድር ነበር። ያኔ አልፌው ነበር። አሁን ክምሩን አምጡልኝ አልኩ። እንደዚያ ያሉ ስድስት ገጾች አገኘን። እቴቴ የቫይረስ ምልክት ነው ብላ ፈርታው ነበር። ነገሩ ሌላ ነው፤ የባለ ቀለሟን ቋንቋ ለሌዘሩ ስትሰጡት ሳይገባው የሚያወጣው ገጽ ነው። ማለትም በጥድፊያ ሰዓት አንዳንዱ ሥራ በስህተት ወደ ባለ ቀለሟ ወረፋ እየሄደ ነበር። ዊንዶውስ 10 ደግሞ የመጨረሻውን የተጠቀምክበትን ፕሪንተር ቀዳሚ የሚያደርግ ምርጫ አለው፣ ካላጠፉት። አንዴ ከተሳሳቱ ቀጣዩም ሥራ እሷን ተከትሎ ይሄዳል። ሰኞ የሚብሰውም ለዚህ ነው፤ ሰው ሲበዛ ጥድፊያው ይበዛል፣ ስህተቱም አብሮ። በዚያ ላይ እዚያ ወረፋ ላይ የቀረ ሥራ ላፕቶፑ ቢጠፋም አይጠፋም፤ ፎልደሩ ውስጥ ይቀመጣል፣ ስፑለሩ ሲነሳ እንደገና ሊያትመው ይሞክራል። በተነሳ ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይሞት የነበረባቸው ቀናት የእነዚህ ናቸው።

ገምቼ ከመወሰን ብዬ ሦስት ሙከራ አደረግሁ። የባለ ቀለሟን ፕሮፐርቲስ ከፈትኩ፣ ስፑለሩ ወዲያው ሞተ። አስነስቼ ደገምኩት፣ ሞተ። ለሦስተኛ ጊዜም እንደዚያው። ከሁለት ወር በኋላ በፈለግነው ሰዓት ልንገድለው ቻልን። ይሄ ለሰው ደስ የሚል ነገር ላይመስል ይችላል፣ ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ እፎይታ አላውቅም። ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ የሚሄድ ችግር ነው የሚያስቸግረው፤ በጠራችሁት ጊዜ ከመጣ በእጃችሁ ገብቷል።

ቀጥዬ ፖርትስ በሚለው ገጽ ላይ የሁለትዮሽ ንግግር የሚፈቅደውን ምልክት ከወረፋዋ ላይ አነሳሁ። ከፈትኳት፣ ስፑለሩ አልሞተም። አንድ ገጽ ላክሁባት፣ ሌዘሩ ያንን የምልክት ድርድር ተፋው፣ ስፑለሩ ግን ቆሞ ነው። ምልክቱን መለስኩ፣ ከፈትኳት፣ ሞተ።

ሦስተኛው የእቴቴ ሐሳብ ነው። "እስቲ ራሷን ብንሰካትስ?" አለች። ጠረጴዛው ሥር ገብታ ባለ ቀለሟን ከነአቧራዋ አወጣቻት። ወረቀት አትስብም እንጂ መብራቷ ይበራል። በሌላ ቀዳዳ ሰካናት፣ ዊንዶውስ ዩኤስቢ 002 ብሎ የራሷን በር ሰጣት። ወረፋዋን ወደዚያ አዛወርኩና ፕሮፐርቲሱን ከፈትኩ። ቀለሟ ስንት እንደቀረ በሥዕል አሳየችን። ስፑለሩ ንቅንቅ አላለም።

ከዚህ በኋላ እኔ ጥርጣሬ አልቀረኝም። ያ ላንጉጅ ሞኒተር የራሱን ማሽን ሲያገኝ ደህና ነው። በ001 በር በኩል "ቀለምሽ ስንት ነው?" ሲል ግን የሚመልስለት ሌላ ማሽን ነው፣ መልሱ እሱ በሚጠብቀው ቅርጽ አይመጣም፣ ያንን ማጣራት ሲገባው ዝም ብሎ ያነበዋል፣ ይወድቃል፣ ስፑለሩንም ይዞት ይወድቃል።

ማስተካከሉ ከማግኘቱ በጣም ያጠረ ነው። የባለ ቀለሟን ወረፋ ሰረዝኩ። ወረፋውን መሰረዝ ብቻ ግን ድራይቨሩን አያወጣውም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የፕሪንት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ ውስጥ ድራይቨርስ የሚል ገጽ አለ፤ እዚያ ገብቼ ድራይቨሩን ከነጥቅሉ አስወግድ የሚለውን መረጥኩ። ሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ አለኝ። ስፑለሩን አጥፍቼ አስነሳሁና ማንም ሳይነካው ወዲያው ደገምኩት፣ ወጣ። ፕሪንተርስ ፎልደሩን አጸዳሁ። ዊንዶውስ ቀዳሚ ፕሪንተር እንዲመርጥ የሚያደርገውን አጠፋሁ። የሌዘሩን ስም ቀይሬ "ጥቁርና ነጭ" አልኩት፣ ልጁ በቁጥር እንዳይፈልገው። የሌዘሩን ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ በስልኬ ዳታ አውርጄ አዲሱን ጫንኩ።

ከዚያ ፍላሹ። የባለ ቀለሟን ድራይቨር ከፍላሹ ላይ እቴቴ ራሷ እንድትሰርዘው አደረግሁ። በቦታው ደግሞ አንድ የጽሑፍ ፋይል አስቀመጥን፤ ከፎርማት በኋላ ምን ብቻ እንደሚጫን በአማርኛ የተጻፈበት። ያንኑ ወረቀት ላይ አትመን መሳቢያው ውስጥ ለጠፍነው። ናሙናዎቿን እንደ አዲስ መጻፍ ጀምራ ስለነበር እነሱንም በሌላ ፍላሽ ኮፒ ይዘን ቤቷ ወሰደችው። ዊንዶውስ 10 ላይ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ሊያበቃ ስለነበር (አሁን አብቅቷል) አንድ ቀን እንደገና መጫን አይቀርም ነበር፣ ያ ወረቀት ለዚያ ጊዜ እንዲጠቅም ነው።

ሰኞ ግንቦት 25 ዋናው ፈተና ነበር። የገበያ ቀን ነው፣ በዚያ ላይ አረፋ ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል፣ ከተማው አይቀመስም። ሆን ብዬ አልሄድኩም፣ እኔ አጠገብ ሆኜ የሚሠራ ነገር አልፈለግሁም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ኢቨንት ቪውወሩን በስልክ እየነገርኳት ራሷ ከፈተችው። 1000 የሚል አለ? የለም። 7031? የለም። "ሙሉ ቀን ነው ያተምኩት" አለች፣ ድምፅዋ ደክሟል፣ ግን ደስ ብሏታል።

ደብተሩ ላይ መጻፏን አላቆመችም። ነሐሴ ላይ ሳልፍ ገብቼ አየሁት። ከግንቦት 24 በኋላ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ "ሐምሌ 9፣ 5:40፣ ፕሪንተር ጠፋ"። መዝገቡን ከፍቼ ሰዓቱን አዛመድኩ፣ ስፑለሩ ቆሞ አያውቅም። ልጁ ሲጠርግ ገመዱን ነቅሎት ነበር። የፒዲኤፉ ፕሪንተር ከዝርዝሩ እንዳልጠፋ ያየችው ራሷ ናት፣ ስለዚህ ለእኔ ሳትደውል መጀመሪያ ገመዱን ነው የነካችው።